ሁለት ምስክር የሚጠብቅ ዓረፍተ ነገር

አዳማ፣ መስከረም ፳፰ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ጉዲቱ ዲዳ፣

እንደምን ሰነበቱ? ልጅዎ ሶፊስ ደኅና ናት? እኔ ደኅና ነኝ። አዳማም እንደሚያውቋት ናት፤ ነፋሷ የአንዱን ሰፈር አቧራ አንሥቶ ለሌላው ሰፈር ያድላል፣ የጅቡቲ ከባድ መኪኖችም ቀኑን ሙሉ በደጃችን ያልፋሉ።

ከባቱ የላኩልኝ የቆሮሶ ዓሣ ደርሶኛል። ሹፌራችን ዱጋሳ ከበረዶ ጋር ጠቅልሎ ከሚኒባሱ ወንበር ሥር አኑሮ አመጣልኝና «ቲቸር፣ ይሄ እስከ ማታ አይቆይልዎትም፤ ቶሎ ይጥበሱት» ሲል መከረኝ። እኔ ግን መጥበሱን ትቼ ወረቀት ፍለጋ ገባሁ። «ዓሣ አይቆይም» ለማለት እኮ እንግሊዞች የሚገለገሉበት ግስ ያው በመጽሐፌ ሥራ እኔን የሚያንገላታኝ «ኪፕ» (keep) ነው! ዓረፍተ ነገሩን ጽፌ ስወጣ የጎረቤት ድመት እውነትነቱን አረጋግጣልኝ ነበር።

በጳጉሜን በሐይቁ ዳር ስንቀመጥ የነገርኩዎን ጉዳይ «ከብቸኝነት የመጣ ነው ወይስ ከልብ?» ብለው ጽፈውልኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ብቸኝነትማ ባለቤቴ ዘርፉ ካረፈች ጀምሮ አብሮኝ ይኖራል፤ እርስ በርሳችን ተላምደናል። እሱን ለማባረር ቢሆን ኖሮ ሬዲዮ ይበቃኝ ነበር። «ቀሪ ዘመናችንን በአንድ ጣሪያ ሥር እናሳልፈው» ያልኩት፣ አንድ ነገር ባነበብኩና በሰማሁ ቁጥር «ይህን ለጉዲቱ» እያልኩ የማስቀምጥ ሰው መሆኔን ስላወቅሁ ነው። ያስቀመጥኩት ደግሞ በዛ። «ይህን ነገር በስልክ አናንሣው፤ በስልክ ሰው ይቸኩላል» ያሉትን በደስታ ተቀብያለሁ።

ወደ መጽሐፉ ልመለስ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ያሰናዳሁት የዘወትር የእንግሊዝኛ ግሶች መፍቻ ከ«ኪፕ» በቀር ተጠናቋል። በመግቢያው ስለ ደንባችን የጻፍኩትን እንዲያርሙልኝ እነሆ፦

«በዚህ መጽሐፍ ያለው ምሳሌ ሁሉ በእውነት የሆነ ነገር ነው። በኩየራ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ወጣት መምህራን ሳለን የምናስተምርበት መጽሐፍ ‹ጆን በጎች ይጠብቃል› ይል ነበር። የሒሳብ መምህሩ ወዳጃችን አቶ ያደታ አንድ ቀን በክፍሌ መስኮት አንገቱን አስገብቶ ‹ጆን ማነው? በጎቹስ የት ተሠማሩ? ያየ ሰው አለ?› ቢል ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ያላየነውን ምሳሌ አላስተማርንም። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር በካርድ ላይ ይጻፋል፤ ሁለት ምስክሮች እውነት መሆኑን አይተው ይፈርሙበታል። ማንም ስለ ራሱ መመስከር አይችልም።»

«አቶ» ማለቴ ያደታን ሳያስቀው አይቀርም። እርስዎ ያረፈ ባልዎን፣ እኔም ጓደኛዬን ስናስታውስ የምንስቅ መሆናችን እርሱን የሚያስደስተው ይመስለኛል።

«ኪፕ» በአማርኛ አንድ ቤት የለውም፣ ወይዘሮ ጉዲቱ። ዕቃ ሲሆን ማኖር ነው፣ ቃል ሲሆን ማክበር፣ ዶሮ ሲሆን ማርባት፣ ምስጢር ሲሆን መጠበቅ። በመናኸሪያው ተራ አስከባሪውን አግኝቻለሁ፤ በከባድ መኪኖቹ ጀርባ «ርቀትዎን ይጠብቁ» የሚለውን ገልብጫለሁ። አንድ ብቻ ይቀረኛል፤ አንድን ነገር ሳያቋርጡ ማድረግ ማለት ሲሆን። ሳያቋርጥ የሚያደርግ ሰው አጣሁ። እኔ አቋርጣለሁ፤ የአዳማ ነፋስ እንኳ አንዳንዴ ያርፋል። እርስዎ ካገኙ ይላኩልኝ።

የተዘጋጁትን ካርዶች ለፊርማዎ አያይዣለሁ።

አክባሪዎ
ማናሴ ሰንበታ


ባቱ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017

ለመምህር ማናሴ፣

አካም ጅርቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ። ካርዶቹን በአንድ ቀን ጨርሻለሁ፤ ያዘገየኝ ሌላው መልስ ነው።

ካርዶቹን ፈርሜአለሁ፣ የጎረቤቴን ዶሮዎች ግን አልፈረምኩም። «የጉዲቱ ጎረቤት ዶሮ ታረባለች» ብለዋል። ሴትዮዋ ዶሮዎቹን ለመስቀል ሸጣ ጨርሳለች። «ታረባ ነበር» ካላሉ አልመሰክርም። ለዓሣው ድመቷ ሁለተኛ ምስክር ብትሆን ቅር አይለኝም።

ነገሩን ለሶፊ ነገርኳት። ከአበባ እርሻው ገብታ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ ነበር።

«እማ፣ አንቺ? በሰባ ዓመትሽ?»

«ስድሳ ዘጠኝ» አልኳት።

«እሱስ ስንት ነው?»

«እሱማ ጃርሳ ነው፤ የለየለት ሽማግሌ።»

እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ እግሯን ከውሃው አወጣችና «አባዬን የሚያስታውስ ሰው ከሆነ ግድ የለኝም» አለች። ስለዚህ እንቢታው ከእሷ አይመጣም። የቀረሁት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ልንገርዎ፤ በካርድ ጽፌዋለሁ። «ጉዲቱ በጸሎት ቤት ከጎኗ ያለውን ቦታ ለያደታ ይዛለች።» ስድስት ዓመት ሆነው። ስቀመጥ ቦርሳዬን ከጎኔ አኖራለሁ። እንግዳ ሰው ሲመጣ «ተይዟል» እላለሁ። የአገሩ ሰው ማን እንደ ያዘው ያውቃልና አይጠይቀኝም። ስለ ራሴ መመስከር አልችልም፤ እርስዎ ግን በጳጉሜን ከኋላዬ ተቀምጠው አይተውታል። ሶፊ ፈርማለች፣ እርስዎም ይፈርሙ። ይህን ቦታ የያዘች ሴት ለሌላ ጥያቄ በችኮላ መልስ መስጠት አይሆንላትም። እስከ ገና ይታገሡኝ።

ሌላም አለ። ፊደሎችዎ መስመራቸውን ለቀው ሽቅብ እየወጡ ነው። በኩየራ ሰሌዳ ላይ ስንት ልጅ የቀጡበት ጥፋት ነው ይሄ! ጤናዎ እንዴት ነው? ዙሪያውን ሳይሄዱ ይንገሩኝ።

ጉዲቱ


አዳማ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ጉዲቱ ዲዳ፣

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎና የባቱ ዓሣዎ በዱጋሳ እጅ በጊዜው ደርሰውኛል። መልሴ የዘገየው ሥራ በዝቶብኝ ነውና ይቅርታ ይደረግልኝ።

በጸሎት ቤት ስለ ተያዘው ቦታ የላኩትን ካርድ ፈርሜ መልሻለሁ። አይቻለሁና እመሰክራለሁ። የያዙትን ቦታ ይያዙት። በባለቤቱ ቦታ ሌላ ሰው ለመቀመጥ መፈለጉ ራሱ ድፍረት ነበር።

ስለዚህ በሐይቁ ዳር ያነሣሁት ጉዳይ እንዳልተነሣ ይቆጠርልኝ። ሽማግሌ ሰው አየሩ ሲስማማው ብዙ ይናገራል። በዚያን ዕለት ከእኛ በቀር የሰሙት የሐይቁ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ከዓሣ አጥማጆቹ እጅ ፍርፋሪ እንጂ ወሬ አይጠብቁም። ለልጅዎ ለሶፊ ስለ ቅንነቷ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

ስለ ጤናዬ ለጠየቁኝ በካርድ መልሻለሁ። «ማናሴ ጤናውን ጠብቆ ይኖራል።» ቢፈርሙበት ለ«ኪፕ» አንድ ምሳሌ ይጨመርልናል። ያጣሁት የመጨረሻው ምሳሌ ግን ይቅር። መጽሐፉ ያለ እርሱ ይታተማል።

ለዘላለሙ አክባሪዎ
ማናሴ ሰንበታ


ባቱ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017

ለመምህር ማናሴ፣

ዝም አሉኝ። ዱጋሳ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ገና ከመኪናው ሳይወርድ «ዛሬም የለም፣ እማማ» ይለኛል። ጥፋተኛው እሱ ይመስል ዓይኔን ሸሽቶ ነው የሚናገረው። ስልክ ብደውልልዎ ስለ ነፋሱ ብቻ አወሩኝ። በስልክ አናንሣው ያልኩት ራሴ ነኝና ቅጣቴን ችዬ ዘጋሁት።

ምናልባት ገናን እየጠበቁ ይሆናል። አይጠብቁት።

ባለፈው ሳምንት በጸሎት ቤት ተቀምጬ መዝሙር ሲጀመር ቦርሳዬ ጭኔ ላይ መሆኑን አየሁ። መቼ እንዳኖርኩት አላውቅም። አስቤበት ቢሆን አላደርገውም ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት መጥታ «እማማ፣ ቦታው ተይዟል?» አለችኝ። «አልተያዘም፣ ነይ የኔ ልጅ» አልኳት። ስትቀመጥ ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ያደታ ቢኖር «ስድስት ዓመት ሙሉ ቦርሳ አጠገቤ አስቀምጠሽ ሰለቸኝ» ይል ነበር።

ያ የእሱ ቦታ ነበር፣ አሁን ለደከማት ሴት ሆነ። እርስዎን እዚያ አላስቀምጥዎትም። የእርስዎ ቦታ ሌላ ነው፣ ገና ያልተያዘ።

መልሴ እሺ ነው። እንግዲህ ተራው የእርስዎ ነው።

ጉዲቱ


ባቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2017

ማናሴ፣

ሰላምታውን ትቼዋለሁ፤ ስበርድ እጽፈዋለሁ።

የኅዳር ደብዳቤህ ዛሬ ደረሰኝ። የመጣው ከአቦምሳ ነው! እኔ ባቱ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ መንገድ መንገዱን ሳይ ደብዳቤህ አርሲ ዘመድ ጥየቃ ሄዷል። ሱሃይላ የምትባል የአቦምሳ ነጋዴ የጻፈችው ወረቀት አብሮት አለ። እንዳለ ልገልብጥልህ፦

«ለእማማ ጉዲቱ። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አለኝ፤ ባለቤት ያጣ ዕቃ እኔ ዘንድ ይቀመጣል። ይህን ፖስታ ከአዳማ የመጣ ሹፌር አምጥቶ ‹አንድ ሽማግሌ በመስኮት ሰጥተውኝ እንደ ተለመደው ብለው ሄዱ፤ እኔ ምን እንደ ተለመደ አላውቅም› አለኝ። ፖስታው ስም እንጂ አገር የለውም። እዚህ ያሉትን ጉዲቱዎች ሁሉ ጠየቅሁ፣ አንዷ ሁለተኛ ክፍል ናት። ቢቸግረኝ ከፈትኩት፣ ይቅር በሉኝ። ባቱ የሚልና ዱጋሳ የሚል ሳገኝ በሹፌሮች አጠያይቄ ላክሁት። አንብቤዋለሁ፣ አልዋሽም። ሰውዬው ከልባቸው የጻፉት አልመሰለኝም። ቶሎ ይመልሱላቸው።»

ዱጋሳን አስቀምጬ ጠየቅሁት። መሬት መሬት እያየ ነገረኝ።

«እማማ፣ እኔ ቀጥሎ ያለው መኪና ውስጥ ነበርኩ። ‹ቲቸር!› ብዬ ተጣራሁ። ዞሩና ውሃ የምትሸጠዋን ሴትዮ ‹ዱጋሳ፣ ተባረክ› ብለዋት ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ለምን እንደ መጡ እንኳ አላወቅሁም። ለእርስዎ መንገሩ ከበደኝ።»

አሥራ አንድ ዓመት ደብዳቤያችንን ያመላለሰውን ሰው ከውሃ ሻጭ አልለየኸውም። መኪናው ግንባር ላይ የተለጠፈውን «አቦምሳ» አላነበብከውም። ፊደሎችህ ለምን ሽቅብ እንደሚወጡ አሁን ገባኝ።

ካርድህን ሳልፈርም መልሻለሁ። «ማናሴ ጤናውን ጠብቆ ይኖራል።» ያየ ሰው አለ? ያደታ ራሱ በመስኮትህ አንገቱን አስገብቶ ይጠይቅህ!

ልትተወኝ ትችላለህ። አልለምንህም። ነገር ግን ዕድሜ ልክህን ላላየኸው ነገር ፊርማ ከልክለህ ኖረህ፣ ስለ ራስህ የፈጠርከውን እኔ እንድመሰክርልህ አትላክልኝ። የሆነውን ጻፍልኝ፤ ከዚያ በኋላ መሄድ ካለብህ ሂድ።

ጉዲቱ


አዳማ፣ ታኅሣሥ ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ጉዲቱ ዲዳ፣

ይህን በወፍራም ማርከር ነው የምጽፈው። ወረቀቱ ብዙ፣ ነገሩ ጥቂት ቢሆን አይታዘቡኝ።

ደብዳቤዎን በአጉሊ መነጽር ፊደል በፊደል እየለቀምኩ አነበብኩት። ከኩየራ ጀምሮ «እርስዎ» ሲሉኝ ኖረዋል። «አንተ» የሚለው ላይ ስደርስ መነጽሩን አስቀምጬ ጥቂት ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ቁጣ ከዘርፉ በኋላ ሰው ተቆጥቶኝ አያውቅም። ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ስለ ካርዱም፣ ስለ ደብዳቤውም፣ በስልክ ስለ ነፋሱ ስላወራሁትም።

የሆነው ይህ ነው። ዓይኔ ከጎን ከጎኑ እየጠበበ ነበር። በጥቅምት መጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ግላኮማ ነው አለችኝ። ልጅ እግር ናት፣ ደግ ልጅ። «አባባ፣ የሄደውን አልመልስልዎትም። የቀረው ግን እንዲቆይልዎ እናደርጋለን። ብቻ ጠብታውን አያቋርጡ» አለች። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ ያሰብኩት ምን መሰለዎት? ይህችን ዓረፍተ ነገር እንግሊዞች በየትኛው ግስ እንደሚሏት! ወራት ሙሉ ምሳሌ የፈለግሁለት «ኪፕ» እኔን ፈልጎ መጥቶ ሐኪም ቤት አገኘኝ። ስቄ ነበር፤ ሐኪሟ ግን ያለቀስኩ መስሏት ሶፍት ሰጠችኝ።

ጥያቄዬን የተውኩት ስለዚህ ነው። በጳጉሜን የጠየቅሁዎ ሰው መንገዱን ያያል፣ ለራሱ ያነብባል። አሁን ብጠይቅዎ መሪ ፍለጋ ይሆንብኛል። ዘርፉ የታመመች ጊዜ አስታማሚ ምን እንደሚሆን አውቄዋለሁ። ጀርባዬ ሲጎብጥ፣ ትዕግሥቴ ሲያልቅ፣ በራሴ ሳፍር። ያንን ለእርስዎ መመኘት አልቻልኩም። ስለ ወደድኩዎ ነው።

«እሺ» ያሉበት ደብዳቤ እጄ ላይ ሲገባ የእኔ እንዳልደረስዎ ገባኝ። ያኔውኑ መጻፍ ነበረብኝ። አልጻፍኩም። ቃሉ በእጄ ሳለ ጥቂት ቀን ልቆይ አልኩ። አሁን ግን ይመልሱት፤ ነፃ ነዎት።

የታረመው ካርድ ይኸውልዎ፦ «ማናሴ የቀረው ዓይኑ እንዲቆይለት ጠብታ ይጨምራል።» ይህኛው እውነት ነው። ቢፈርሙበት ደስ ይለኛል።

ማናሴ


ባቱ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017

ለማናሴ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። በርጃለሁ። «አንተ» ማለቱን ግን አልተውም፣ ጣመኝ።

ካርድህን ፈርሜአለሁ።

ዘርፉን ስታስታምም ያየሁህን ልንገርህ፣ አንተ ረስተኸዋልና። እኔና ያደታ ልንጠይቃት ስንመጣ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ታነብላት ነበር። እሷ እንግሊዝኛው አይገባትም፤ አንተም ታውቃለህ፤ ግን የስፖርቱን ገጽ እንደ ፓርላማ ንግግር ስታነብላት ሆዷን ይዛ ትስቃለች። አንተ የምታስታውሰው የጎበጠ ጀርባህን ነው። እኔ የማስታውሰው የእሷን ሳቅ ነው። ከሁለታችን ያየ ማነው? ስለ ራሱ ማንም አይመሰክርም ያልከው አንተ ነህ።

የሚከብደኝንና የሚቀለኝን እኔ ላውቀው። ከያደታ ጋር አርባ ዓመት ስኖር ምኑን ነው ሳልሸከም የኖርኩት? እሱም እኔን። ከባድ መኪናው ጀርባ ላይ «ርቀትዎን ይጠብቁ» የተባሉት የጅቡቲ ሹፌሮች ናቸው። እኔን አይመለከተኝም።

ስለዚህ «እሺ»ዬን አልመልስም። አንድ ጊዜ የሰጠሁት ነው፣ አንተው ዘንድ ይቆይ።

የጎደለህን ምሳሌ አግኝቼልሃለሁ። ካርዱን አብሬ ልኬአለሁ፦ «ጉዲቱ ለማናሴ ማንበቧን አላቋረጠችም።» እንዳትፈርምበት። ገና እውነት አይደለም፤ ደግሞም ስለ ራሳችን ስለሆነ አንተም እኔም መመስከር አንችልም። እውነት የማድረጉን ሥራ ለእኔ ተወው።

ሶፊ ግን አንድ ነገር ይዛ ድርቅ ብላለች። «ሽማግሌ ሳይልክ? እናቴን እንደ ዓሣ በሚኒባስ ጠቅልላችሁ ልትወስዱ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እናም ሽማግሌ ላክባት። አንደኛው ዱጋሳ ይሁን። «ለሽምግልና ልጅ ነው» ብላኝ ነበር፤ «ከእሱ በላይ በሁለታችን መካከል የተመላለሰ ማነው?» ስላት «በሉ ይምጣ» አለች። ኮት ይልበስ በለው። ሲያያት እንዳይስቅም አስጠንቅቀው።

ከገና ማግስት እንጠብቃቸዋለን።

ጉዲቱ


አዳማ፣ የካቲት ፳፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሱሃይላ፣
አቦምሳ

ከከበረ ሰላምታ ጋር። ይህን ደብዳቤ የምናገረው እኔ፣ ያን ፖስታ በተሳሳተ መስኮት የሰጠሁት ሽማግሌ፣ ማናሴ ሰንበታ ነኝ። የምትጽፈው ባለቤቴ ጉዲቱ ናት። በዚህኛው ፖስታ ላይ አገሩ ተጽፏል። (ከፊትም ከኋላም። — ጉዲቱ)

«የእነዚያ ሰዎች መጨረሻ ምን ሆነ?» ብለው በሹፌሩ ጠይቀውናል። ሊነገርዎ ይገባል፤ እርስዎ ባይከፍቱት ኖሮ ያ ደብዳቤ ዛሬም መደርደሪያዎ ላይ በሆነ፣ እኔም እዚህ ብቻዬን በሆንኩ። በጥር ወር በባቱ ጸሎት ቤት ተጋባን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዱጋሳ ነበር፤ አንድም ጊዜ አልሳቀም። (መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ ግን እስከ መቂ ስቋል። — ጉዲቱ)

ዓይኔ ካለበት ብዙ አልወረደም። ጉዲቱ ጠዋት ጠብታውን ትጨምርልኛለች፤ ከዚያ ታነብልኛለች። ጋዜጣም፣ ቅዱስ መጽሐፍም፣ የተማሪዎቼን የድሮ ድርሰትም። አንዳንዴ የራሴን ደብዳቤዎች ታነብልኛለች። (ሲሰማቸው «እንዴት ያለ ጸሐፊ ነው» ይላል። — ጉዲቱ)

አሁን ልመናዬን ላቅርብ። ለተማሪዎች ያሰናዳሁት የእንግሊዝኛ ግሶች መጽሐፍ በአንዲት ምሳሌ ምክንያት አልታተመም። ዓረፍተ ነገሯ «ጉዲቱ ለማናሴ ማንበቧን አላቋረጠችም» የምትል ናት። በመጽሐፋችን ደንብ እውነት መሆኗን ሁለት ሰዎች አይተው መፈረም አለባቸው። አንደኛው ዱጋሳ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሲያልፍ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ «ዛሬም እያነበባችሁ ነው?» ይላል። እንዲህ በመስኮት አንገቱን የሚያስገባ አንድ ጓደኛ ነበረን፤ ዱጋሳ ይህን አያውቅም። እኛ ግን በመጣ ቁጥር ንባቡን ጥቂት ቆም እናደርጋለን። (ቆም እንጂ አላቋረጥንም። ይህ ይታወቅልኝ። — ጉዲቱ)

ሁለተኛዋ ምስክር እርስዎ እንዲሆኑልን እንለምንዎታለን። ለሱቅዎ ዕቃ ለመግዛት ወደ አዳማ ሲመጡ ከእኛ ጋር ምሳ ይብሉ። ጉዲቱ ዓሣ ትጠብሳለች፤ ድመቷም ከወዲሁ በሩ ላይ ናት። ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርዎ፣ አንድ ቀን መጥተው ቢያዩ መፈረም አይችሉም። አንድ ጊዜ ያየ «ታነባለች» ይል እንደ ሆነ ነው እንጂ «አላቋረጠችም» ሊል አይችልም። ደግመው መምጣት ይኖርብዎታል። ከዚያም ደግመው።

ማተሚያ ቤቱ ሲቸኩል አንድ ሁለት ጊዜ ደውሎልኛል። «ምስክር እየጠበቅሁ ነው» አልኩት፤ ፍርድ ቤት የቆምኩ መስሎት አዘነልኝ። ሳላቋርጥ የምሠራው ነገር እኔም አግኝቻለሁ፤ ማዳመጥ ነው። ለዚህ ካርድ አልጻፍኩለትም።

በማንኛውም ቀን ይምጡ። በምሳ ሰዓት ከጠረጴዛው ለእርስዎ የሚሆን ወንበር ይዘንልዎታል። (ቦርሳዬን አኑሬበታለሁ። — ጉዲቱ)